የቀለሃ አንገት ላጊዋ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ እዚህ ካሊፎርኒያ፣ ፌርፋክስ መንገድ ላይ የሚያገኘኝ ሰው ሁሉ፣ «እትዬ እልፍነሽ፣ ለመሆኑ ሥራዎ ምን ነበር?» ይለኛል። እውነቱን ስነግረው ደግሞ የሰማን ሰው እንዳለ ዞር ዞር ብሎ ያያል። አንድ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ፣ ደግ ሰው ናቸው፣ «ማሽን ሾፕ ነበርኩ ብትዪ ምን ይጎድልሻል?» ብለው መክረውኛል። ምንም አይጎድልብኝም። ግን አልልም። የሠራሁት ሥራ ስም አለው፤ የጥይት ቀለሃ አንገት መላግ ይባላል። ጋርዴና ከተማ ውስጥ፣ ከአንድ የመኪና ቦዲ መጠገኛ ጀርባ ባለች ሱቅ፣ ፀጉሬ ጥቁር ሆኖ ገብቼ ሸብቼ የወጣሁት በዚሁ ሥራ ነው። ያኔ አላፈርኩበትም፤ ዛሬ ጡረታ ወጣሁ ብዬ ማፈር አልጀምርም።

አገር ቤት ጂኦግራፊ አስተምር ነበር። እዚህ ስመጣ ያ ትምህርት የጠቀመኝ አውቶቡሱ ወዴት እንደሚሄድ ለማወቅ ብቻ ነው። መጀመሪያ ሳንታ ሞኒካ ያለ አንድ ሆቴል ውስጥ አልጋ አነጥፍ ነበር። አለቃችን የአንሶላውን ጫፍ ጎትታ እያየች ካልጠበቀ ሁሉንም ገፍፋ መሬት ላይ ትጥለዋለች። ወገቤ እምቢ ሲል ሚድ ዊልሻየር ሰፈር ካለ አንድ የቢሮ ሕንፃ ሥር የፓርኪንግ ቲኬት ቆራጭ ሆንኩ። እዚያ ያለው አለቃ የአገሬ ሰው ነበር፤ ከእኔ የሚፈልገው ፈገግታ ብቻ ነበር፣ እኔ ደግሞ ለመኪና ፈገግ ማለት አይሆንልኝም።

ከምኖርበት አፓርታማ ምድር ቤት ጋሼ ወርቁ የሚባሉ የታክሲ ሹፌር ነበሩ። አንድ ቀን ደረጃው ላይ አስቆሙኝ።

«አንድ ጃፓን ሽማግሌ ከኤርፖርት ይዤ ስሄድ ረዳት አጣሁ ብሎ ሲያማርር ነበር» አሉኝ። «ወጣቶቹ ይቸኩላሉ አለኝ። ሶ፣ አንቺ ትዝ አልሽኝ።»

«ምን ዓይነት ሥራ ነው ጋሼ?»

«የጠመንጃ።»

«እርስዎ ደግሞ ቀልድ ይወዳሉ።»

«አልቀለድኩም። ኦኬ፣ ሄደሽ እዪው፤ ካልወደድሽው እኔው ድራይቭ አድርጌ እመልስሻለሁ።»

ሳቅሁ እንጂ ነገሩ ለእኔ የሚያስቅ አልነበረም። ወንድማችን ካሳ አገር ቤት ሳለን በጥይት ነው የሞተው። ከሥራ ወደ ቤቱ ሲመለስ፣ የሚያውቀው ሰው ነው የተኮሰበት። እኔና እህቴ ጽጌ ሬሳውን ከመንገድ አንስተናል። ስለዚህ ጋርዴና የሄድኩት ጋሼ ወርቁን ላለማስቀየም ነው እንጂ ልቀጠር አስቤ አልነበረም።

የሱቁ ባለቤት ሚስተር ታናካ ይባላሉ። ወላጆቻቸው ከጃፓን መጥተው እሳቸው እዚሁ ካሊፎርኒያ የተወለዱ፣ ቀጭን፣ ሸሚዛቸውን እስከ አንገት የሚቆልፉ ሰው ነበሩ። ሰላም እንኳ በቅጡ ሳንባባል ሁለት የናስ ቀለሃዎች መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ።

«የቱ ነው አንገቱ የወፈረው?»

በጣቶቼ አሸኋቸው። «አላውቅም» አልኳቸው።

«ደህና» አሉ። «በጣቴ አውቃለሁ ያሉትን ሁሉ ነው የመለስኳቸው።» ከዚያ ጥቃቅን ውፍረት የሚለካውን መሣሪያ፣ ማይክሮሜትሩን አቀበሉኝ።

ለማያውቅ ሰው ነገሩን በአጭሩ ልናገር። ቀለሃ ባሩዱን የሚይዘው የናስ ዕቃ ነው። ከላይ ጠበብ ያለው አንገቱ አረሩን ጨምቆ ይይዛል። ከፋብሪካ የወጣ ቀለሃ አንገቱ ዙሪያውን እኩል አይደለም፤ በአንዱ ጎን ይወፍራል፣ በሌላው ይሳሳል። ለአዳኝ ይኼ ግድ አይሰጠውም። የእኛ ደንበኞች ግን ሩቅ የተሰቀለ ወረቀት የሚበሱ ተወዳዳሪዎች ነበሩ። ጥይቱ የሚጎርስበት የጠመንጃቸው ክፍል፣ በእኛ አጠራር ቼምበሩ፣ ከአንገቱ ላይ ሆን ተብሎ ጠብቦ የተሠራ ነው። እንግዲህ ቀለሃው በዚያ ልክ መሳሳት አለበት። ሲተኮስ አንገቱ ትንሽ ተከፍቶ አረሩን ይለቃል። የሚከፈትበት ቦታ ካጣ አረሩ እንደታነቀ ይቆያል፤ ግፊቱም መውጫ ሲያጣ ወደ ተኳሹ ፊት ይመለሳል። ከልኩ በላይ ከሳሳ ደግሞ ናሱ በየተኩሱ እየተለጠጠ ይሰነጠቃል። በሁለቱ መካከል ያለው ቦታ ከፀጉር የቀጠነ ነው። እኔ የኖርኩት እዚያ ቦታ ላይ ነው።

ሚስተር ታናካ ትምህርት ብለው አያስተምሩም። ሲሠሩ ማየት ነው። ጠዋት እጃቸውን በቀዝቃዛ ውኃ ይታጠባሉ፤ የሞቀ እጅ ናሱን ያሞቀዋል ይላሉ። ቀለሃውና ማይክሮሜትሩ አንድ ክፍል ውስጥ አብረው ሳያድሩ አይለኩም። ቀለሃውን በውስጡ የሚገባ የብረት ዘንግ ላይ ይሰኩና፣ ዘንጉን ጠብታ ዘይት አስነክተው፣ በጎን ያለችውን ስለት አስጠግተው ቀስ እያሉ ያዞሩታል። ከአንገቱ ላይ የሚነሳው ፍቅፋቂ እንደ ወርቅ ክር እየተጠቀለለ ይወርዳል። ክሩ ከተቆራረጠ እጅ ቸኩሏል ማለት ነው። አንገቱ ከትከሻው የሚገናኝበት ላይ ሲደርሱ ትንፋሻቸውን ይይዛሉ፤ እዚያ ጋ ስለቱ ትንሽ ከጠለቀ አንገቱ በኋላ ተቆርጦ ይቀራል። ጥቂት ከላጉ በኋላ ሁሉንም አስቀምጠው ማንደሪን ይልጣሉ። መጀመሪያ ስንፍና መስሎኝ ነበር። ለካ ዘንጉ እስኪበርድ እየጠበቁ ነው።

«ዘንግ ሲሞቅ ያብጣል» አሉኝ። «ያበጠ ዘንግ ውሸታም ነው።» ከዚያ የማንደሪኑን ግማሽ ሰጡኝ።

ሱቁ ውስጥ «ገደማ» የሚል ቃል አይፈቀድም ነበር። የተበላሸ ቀለሃም ዝም ተብሎ አይጣልም፤ በጉጠት ጨፍልቀው ነው ቅርጫት ውስጥ የሚከቱት። «ካልጨፈለቅሁት ነገ ሥራ ሲበዛብኝ አንስቼ ይበቃል እለዋለሁ» ይሉ ነበር። ሥራዬ ሲያምርላቸው «ጎበዝ» አይሉም። «ቀጥሎ» ነው የሚሉት። ያቺን «ቀጥሎ» ለመስማት ስንት ቀለሃ እንደጨፈለቅሁ እኔና ጉጠቱ ነን የምናውቀው።

ጥይቱን ማን እንደሚገዛም ጠይቄያቸዋለሁ። በቃል አልመለሱልኝም። አንድ ከሰዓት በኋላ ግን አንድ ሰውዬ ገብቶ ጠመንጃ ማሠራት እንደሚፈልግ ተናገረና፣ ስለ ጎረቤቱ እየሳቀ አንድ ዛቻ የሚመስል ነገር ጣል አደረገ። ሚስተር ታናካ የያዙትን አስቀመጡ፣ በሩን ከፈቱለት፣ እስኪወጣም በሩን ይዘው ቆሙ። ገንዘቡን ሊያሳያቸው እጁን ኪሱ ሲከት እንኳ ቀና ብለው አላዩትም። በዚያ ቀን ነው መቆየት እንደምችል የወሰንኩት።

ጽጌ ስትሰማ ግን አበደች። ሚድ ዊልሻየር ነው ቤቷ፤ አውቶቡስ ሳትጠብቅ እኔ ቤት ድረስ በእግሯ መጣች።

«ካሳን በበላው ነገር እንጀራ ልትበዪ ነው?»

«ካሳን የበላው ሰው ነው፣ ጽጌ። ስም ያለው ሰው። ናሱ ላይ ባላከክን ቁጥር እሱን ነጻ እያወጣነው ነው።»

«ይኼንን ለእናታችን መቃብር ንገሪያት።»

«እነግራታለሁ» አልኳት።

ወንበሯን ሳትስብ እንደቆመች ሄደች። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ቤቴ አልመጣችም። ቃሏ አልነካኝም ብል ውሸት ነው። ግን ሥራዬን አልተውኩም።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ።

ዶሎሬስ የምትባል ደንበኛ ነበረችን። የትምህርት ቤት አውቶቡስ ስትነዳ ኖራ ጡረታ የወጣች፣ ሳቋ ከቦዲ መጠገኛው መዶሻ በላይ የሚሰማ ሴት። ተኩሳ ወረቀቱ ላይ የምታስቀምጣቸው ቀዳዳዎች አንዱ ባንዱ ላይ ይደራረባሉ። ጣቶቿን ቁርጥማት ስለያዛት ጥይቶቿን እኛው እንሞላላት ነበር። ስሜ ስለሚከብዳት «ኤልፊ» ትለኛለች። ሚስተር ታናካ ለጠመንጃዋ አዲስ በርሜል፣ አረሩ የሚያልፍበትን ቱቦ፣ ሠሩላት። በርሜሉ ላይ እንደ ልማዳቸው የቼምበሩን የአንገት ልክ በቁጥር ቀረጹበት። ጠመንጃዋን ወስዳ ሄደች። እኔ በተጻፈው ቁጥር መሠረት ቀለሃዎቹን ላግሁ፣ ለካሁ፣ ሞላን፣ ላክንላት።

በማግስቱ ተኩስ ሜዳው ላይ የነበረ ሰው ደወለ። የጠመንጃው መቀርቀሪያ ትንሽ ጠንከር ብሎባት እንደዘጋችው፣ ስትተኩስ ቀለሃው ፈንድቶ ጋዙ ፊቷ ላይ እንደወጣ፣ የጠመንጃው እንጨት እጇ ላይ እንደተሰነጠቀ ነገረን። መነጽሯ ዓይኗን አተረፈላት። ጉንጯ ተቃጠለ። የቀኝ እጇ ጣቶች ተሰበሩ።

ሆስፒታል ሄደን ከሰመመን ስላልነቃች ደርሰን ተመለስን። ሚስተር ታናካ ኮታቸውን ሳያወልቁ፣ የደወለው ሰው ከተሰበረው ጠመንጃ ያመጣልንን በርሜል ማሰሪያው ላይ ቆንጥጠው አሰሩት። ቼምበሩ ውስጥ ቶሎ የሚቀልጥና ሲበርድ የሚጠጥር ብረት አፈሰስንበት። የቼምበሩ ቅርጽ ተሠርቶ ሲወጣ ማይክሮሜትሩን ለእኔ ሰጡኝ። ለካሁ። እንደገና ለካሁ። ከተቀረጸው ቁጥር ይጠባል። ሁለት መሰርሰሪያዎች ነበሯቸው፤ በአንደኛው ቆፍረው የሌላኛውን ቁጥር ነው የቀረጹት። ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷል፤ እኛ ነን ያላየነው።

አጉሊ መነጽር አምጥተው በገዛ እጃቸው የቀረጹትን ቁጥር አነበቡ።

«እኔም ቁጥሩን ነው የለካሁት» አልኳቸው። «ቀዳዳውን አልለካሁትም።»

«ቁጥሩ የእኔ ነው» አሉ።

ሳይቆይ ከሱቁ ኢንሹራንስ ሰው መጣ። ለስላሳ ድምፅ ያለው፣ አፉ ውስጥ ከረሜላ የሚያዞር ሰው ነበር። ሴትዮዋ አዲሱን በርሜል ሳታጸዳው ተኩሳ ሊሆን እንደሚችል፣ ጥይቱን ፀሐይ ላይ አቆይታው ሊሆን እንደሚችል አወራልን። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«እርስዎ ብዙ ቀለሃ ነው የሚሠሩት። የዚህችን ሴትዮ ለይተው ላያስታውሱት ይችላሉ። ‹አላስታውስም› ማለት ጥፋት አይደለም።»

«አስታውሰዋለሁ» አልኩት።

«ወይዘሮ፣ ሥራዎን ሊያጡ ይችላሉ እኮ።»

«የላግሁት እኔ ነኝ፤ በትክክል የተጻፈልኝን ነው የላግሁት፤ የተጻፈው ደግሞ ስህተት ነው። ሴትዮዋ ምንም አላጠፋችም። ይኼንኑ ጻፍ።»

ሰውዬው ሚስተር ታናካን አያቸው። እሳቸው ያንን የቼምበሩን ቅርጽ ከመሳቢያ አውጥተው ፊቱ አኖሩለት። «እሷ ያለችው ልክ ነው» አሉት። «ቀጥሎ ምን ልትጠይቀን ነው?»

ከዚያ በኋላ የኢንሹራንሱ ክፍያ ናረ፤ አንዳንድ ደንበኞች በሩን ረሱት። ሚስተር ታናካ ዳግመኛ ቼምበር አልቆፈሩም። የመጨረሻውን መሰርሰሪያ ዘይት ቀብተው በጨርቅ ጠቅልለው ሲያስቀምጡ አጠገባቸው ነበርኩ። የአንድ ሰው ዕድሜ እንዲያ ሲጠቀለል ማየት ከባድ ነው። እኔም ልልቀቅ ብዬ አስቤያለሁ። የፓርኪንጉ ሳጥን ሁልጊዜ ሰው ይፈልጋል።

ዶሎሬስ መጣች። ጉንጯ ላይ ጠባሳው ገና ቀይ ነበር። ሌላ ሰው በርሜሉን የቀየረላትን ጠመንጃዋን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈችው።

«ኤልፊ፣ ቀለሃዎቼን ላጊልኝ።»

«ለምን እኔ? ሌላ ሱቅ አለ እኮ።»

«ሌላ ሱቅ ሄጄ ነበር። ሰውዬው እኔ ጋ እንዲህ ያለ ነገር ደርሶ አያውቅም ብሎ ኮራብኝ። እኔ ደግሞ የምፈልገው የደረሰበትን ሰው ነው።»

ሚስተር ታናካ በሩ አጠገብ ካለው ወንበራቸው ላይ ሆነው ያዩናል።

«እሺ» አልኳት። «ግን ጠመንጃው እዚሁ ያድራል፣ ቀዳዳውን ራሴ ነኝ የምለካው። የመጀመሪያዋንም ጥይት የምተኩሳት እኔ ነኝ።»

«ተኩሰሽ አታውቂም» አሉኝ ሚስተር ታናካ።

«ስተኩስ አውቀዋለሁ።»

ከከተማው ወጥቶ፣ ኮረብቶቹ መካከል ነው ሜዳው። ዶሎሬስ ከኋላዬ ቆማ ትከሻዬን አስተካከለችልኝ፤ በፋሻ የታሰሩት ጣቶቿ ይከብዳሉ። መነጽሬንና የጆሮ መሸፈኛዬን አደረግሁ። መቀርቀሪያው እንደ ቅቤ ነው የተዘጋው። ጉንጬን እንጨቱ ላይ ሳሳርፍ ካሳ መጣብኝ። ተኝቶ ያየሁትን ሳይሆን፣ ሸሚዙን ትከሻው ላይ ጥሎ በአጥራችን በር ሲገባ። ይምጣ አልኩ። አላባረርኩትም። ከዚያ ቃታውን ሳብኩ።

ትከሻዬን መታኝ፤ ሌላ ምንም አልሆንኩም። ቀለሃውን አወጣሁትና ሲበርድ ለካሁት። አንገቱ እንደሚገባው ተከፍቶ፣ አረሩን ለቆ፣ ንጹሕ ወጥቷል። ዶሎሬስ ሩቅ በሚያሳየው መነጽር ወረቀቱን አየችና ሳቋ ኮረብታውን ሞላው። ወረቀቱን ፈጽሞ ስቼዋለሁ፤ አረሬ ከኋላ ያለው የአፈር ክምር ውስጥ ገብቷል።

«ዋናው መውጣቱ ነው» አልኳት።

«ተነሺ፣ ተነሺ፤ አሁን ሥራውን ለሚያውቅ ሰው ልቀቂ» አለችኝና ተቀመጠች። ስትተኩስ ግን ከጎኗ አልሄድኩም።

ያን ሳምንት ጽጌ ዘንድ ደወልኩ። ከሌላ ሰው ሰምታ ከምትቀየመኝ ከእኔ ትስማ ብዬ ነው።

«ተኮስሽ?» አለችኝ።

«ተኮስኩ። ከእንግዲህም እተኩሳለሁ። ከእጄ የሚወጣው ነገር መጀመሪያ በእኔ ፊት ካላለፈ ለሰው አልሰጥም።»

ስልኩን ትዘጋዋለች ብዬ ስጠብቅ፣ «ፊትሽን ተጠንቀቂ» አለችኝ። ዛሬ እሁድ እሁድ አብረን እንበላለን። ስለ ሥራዬ እሷ አታነሳም። እኔ አነሳለሁ። ወጡን እያማሰለች ትሰማኛለች፤ ሲበዛባት «በቃ» ትለኛለች፣ ያኔ ወደ ሌላ ወሬ እንሄዳለን።

ሚስተር ታናካ ሲሞቱ ሱቁን የወረሰው የወንድማቸው ልጅ ብራየን ነው። ክፉ ልጅ አይደለም። ዘመኑ ተለውጧል፤ አሁን ፋብሪካዎቹ አንገቱ በማሽን እኩል የተደረገ ቀለሃ ያወጣሉ፣ ገዝቶ መሙላት ነው። የእኔ ስለት አብዛኛውን ቀን ሥራ ይፈታል። ይኼን ተቀብያለሁ። ከማሽን ጋር አልጣላም፤ ከእኔ እኩል ከላገ ይላግ። ያልተቀበልኩት አንድ ነገር ነው። ብራየን፣ ጥይቱ ሳይተኮስና በጠመንጃው ሳይሞከር ሳጥኑ ይታሸግ ሲል እምቢ አልኩት። በወር አንዴ እንጣላ ነበር። አንድ ጊዜ፣ «አጎቴ እንኳ እንዲህ አልነበረም» አለኝ። «ልክ ነህ» አልኩት፤ «ለዚህ ነው ዶሎሬስ የተቃጠለችው።»

የመጨረሻ ቀኔ ላይ፣ አንድ ደንበኛ ወደ ውድድር ሊሄድ ጠመንጃውንና ጥይቱን በዕለቱ ፈለገ። ሁሉም ዝግጁ ነበር፤ የቀረው የእኔ ሙከራ ብቻ።

«ኤልፊ» አለኝ ብራየን፣ «ፋብሪካው ለክቶታል፣ ማሽኑ ለክቶታል፣ እኔ ለክቼዋለሁ። ዛሬ የስንብትሽ ቀን ነው፤ ኬክ አስመጥተናል።»

«ኬኩ ይቆያል።»

«ሰውዬው በመንገድ ላይ ነው።»

«እሱም ይቆያል።»

«ከነገ ጀምሮ እኮ እዚህ አትኖሪም። ነገ ሳይተኮስ ቢወጣ ምን ታደርጊያለሽ?»

«ነገ የአንተ ነው። ዛሬ የእኔ ነው። የመኪናህን ቁልፍ አምጣ።»

ተበሳጭቶ ጭኖ ወሰደኝ። ሜዳው ላይ ወበቁ ከባድ ነበር። መነጽሬን አደረግሁ፣ ተቀመጥኩ፣ የመጀመሪያዋን ተኮስኩ። ቀለሃውን አወጣሁ፣ እስኪበርድ ጠበቅሁ፣ ለካሁ። ከዚያ ከሳጥኑ እያነሳሁ ቀሪዎቹን ሁሉ አንድ በአንድ ቼምበሩ ውስጥ አጉርሼ መቀርቀሪያውን ዘግቼ ከፈትኩ። አንዱም አልከበደኝም። ሁሉም ልክ ነበሩ። ብራየን ክንዱን አጣምሮ፣ ላቡ በአንገቱ እየወረደ ቆሞ ይጠብቀኛል። የመጨረሻውን ወደ ሳጥኑ መልሼ ክዳኑን ስዘጋ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው።

«አየሽ?» አለኝ። «ምንም አልነበረውም።»

«አዎ» አልኩት፣ ሳጥኑን እያቀበልኩት። «አሁን አየን።»